ከላሜራው በፊት ካርቶን ፤ ስለ ኮምፒዩተር ማኅደር አሠራር ላንዲት እናት የተሰጠ መልስ

ስማቸው እንዳይወጣ የለመኑን አንዲት የአዲስ አበባ እመቤት በዚህ ሳምንት ለዚህ ዓምድ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወንድ ልጃቸው ለትምህርትም ለጨዋታም የሚሆን ብርቱ ኮምፒዩተር አለው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የተቀመጠበት የብረት ሳጥን ትልቅ ስለ ሆነ ከምግቡ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ቦታ ሁሉ ይዞታል። ታናሽ እኅቱ ለማጥናት በተቀመጠች ቍጥር እግርዋን የምታሳርፍበት ታጣለች፤ በዚህም ምክንያት በየማታው ጠብ ይነሣል። ልጁ እንግዲህ ትልቁን ሳጥን ጥሎ በራሱ አሳብና በራሱ ልክ አንዲት ትንሽ ሳጥን ለማሠራት ቈርጦ ተነሥቷል። ማዘርቦርዱ ከመጀመሪያውም የትንሹ ዓይነት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩንም ከጓደኛው ጋራ በትንሹ ለውጧል፤ የቀረው ሳጥኑ ብቻ ነው። ለላሜራው መግዣና ለማስቈረጫው እናቱን ገንዘብ ጠይቋል። አባቱ «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው ይህን ያህል ያስተማርንህ?» ብለው ተቈጥተዋል። በእናቲቱ እጅ ያለው ገንዘብ ደግሞ የዕቁብ ነው፤ እርሱም ለልጂቱ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነው። «ልስጠው ወይስ ልከልክለው? ነገሩስ ቁም ነገር ነው ወይስ ጨዋታ? ያ ውድ ዕቃ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ተቃጥሎ ቢቀርስ?» ብለው ይጠይቁናል። ልጁ በርሳስ የነደፈውንም ሥዕል ከደብዳቤው ጋራ ሰደውልናል።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገርና ምክንያቱን ኋላ እንዘርዝረው። እመቤት ሆይ፥ ልጅዎን አይከልክሉት፤ ነገር ግን የላሜራውን ገንዘብ ዛሬ አይስጡት። ዛሬ የሚሰጡት ለካርቶን፥ ለኮላ፥ ለስለታም ከተርና ለአንዲት ደኅና የብረት ማስመሪያ የሚበቃውን ብቻ ይሁን። ሳጥኒቱን በካርቶን ሠርቶ፥ ዕቃውን ሁሉ ከውስጥዋ አግብቶ፥ ኮምፒዩተሩን በፊትዎ አስነሥቶ ሲያሳይዎ ያን ጊዜ ስለ ላሜራው ይነጋገራሉ። የዕቁቡ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ባለበት ይቆይ፤ የልጂቱም የክፍያ ቀን ቢደርስ ለታሰበለት ይዋል።

ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ወጣቶቹ «ኬዝ» የሚሉት የኮምፒዩተሩ ማኅደር ነው። ለዳዊት ማኅደር የሚሰፋ ሰው መጽሐፉን በቁመቱም በወርዱም በውፍረቱም ሳይለካ ቆዳውን አይቈርጥም፤ ከለካም በኋላ መጽሐፉ ሲገባና ሲወጣ እንዳይታሽ ጥቂት ይለቅለታል እንጂ እንዲንሸራተት አያደርገውም። የኮምፒዩተሩም ማኅደር እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ግን ዳዊት አይሞቅም፥ አየርም አያሻውም። ኮምፒዩተር ግን የበላውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ባዶ የሚመስለው ቦታ የአየር መንገድ ነው፤ የሚለካውም ዕቃው ብቻ ሳይሆን ባዶውም ጭምር ነው።

በውስጡ የሚገቡት ዋና ዋና ዕቃዎች አራት ናቸው። ማዘርቦርድ የሚባለው ሌሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። በእርሱ ላይ አሳቢው ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው ይቀመጣል። የጨዋታውን ሥዕል እየሣለ ወደ ማያው ሰሌዳ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ በጨዋታ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የሚወደደውም ከሁሉ የሚሞቀውም እርሱ ነው። ከግድግዳው የመጣውን መብራት ለእያንዳንዱ እየመጠነ የሚያድለው ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ሳጥኖቹ ትልልቅ የሆኑበት ምክንያት አለው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1995 ያወጣው ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው ደንብ የማዘርቦርዱን ልክ 305 በ244 ሚሊ ሜትር አድርጎ ወሰነው፤ ሳጥን ሠሪዎችም ይህንኑ ልክ ተከትለው አርባ ሊትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ሳጥን ሲሠሩ ኖሩ። በ2001 ግን ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን 170 በ170 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሰሌዳ አወጣ። ኩባንያው ያሰበው ጥቂት መብራት ለሚበሉ ቀላል መሣሪያዎች ነበር፤ ኋላ ግን ጨዋታ ወዳዶች ብርቱውን ግራፊክስ ካርድ ከትንሹ ሰሌዳ ጋራ ማጋባት ጀመሩ። በገበያ ያለው ሳጥን አልመቻቸው ሲል ሳጥናቸውን ራሳቸው የሚነድፉ ሰዎች ተነሡ። ከነዚህም ውስጥ ሁለት ሰዎች በ2012 ጀምረው ኤንኬዝ ኤም 1 የተባለውን 12.6 ሊትር የሚሆነውን ሳጥን ነደፉ፤ ከፈላጊዎቹ ገንዘብ በመዋጮ ተሰብስቦ፥ አስቀድሞ የሙከራ ሳጥን ተሠርቶና ተፈትኖ፥ ከዚያ በኋላ ሊያን ሊ የተባለው የታይዋን አሉሚኒየም ሠሪ በብዛት አበጀላቸው። በ2016 ደግሞ አንድ የጀርመን አገር ሰው ዳን ኤ 4 የተባለውን 7.2 ሊትር ብቻ የሆነውን ሳጥን በዚሁ በመዋጮ መንገድ አወጣ፤ እርሱንም የሠራው ይኸው ሊያን ሊ ነው። የዚህ ሳጥን ብልኃት ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን ጀርባ ለጀርባ አቁሞ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ግድግዳ ማድረጉ፥ ሁለቱንም ራይዘር በሚባል እንደ መቀነት በሚታጠፍ ጠፍጣፋ ሽቦ ማገናኘቱ ነው።

የእመቤቲቱ ልጅ የነደፈው ሥዕል ይህን የጀርመኑን አሳብ የተከተለ ነው፤ እርሱም አልሸሸገም፥ በኅዳጉ ላይ ጽፎታል። ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ ቍጥሮቹም በሚገባ ተጽፈዋል። የሳጥኒቱ ርዝመት 320፥ ቁመትዋ 200፥ ወርድዋ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲባዛ ሰባት ሊትር ይሆናል። ርዝመቱንና ቁመቱን እኛ አልነካንበትም። ማዘርቦርዱ 170፥ ኤስ.ኤፍ.ኤክስ. የሚባለው ትንሹ ፓወር ሰፕላይ 125 ሚሊ ሜትር ስለሚይዙ ተከታትለው ሲቆሙ 295 ይሆናሉ፤ የሁለቱ ጫፍ ላሜራ ሦስት ሚሊ ሜትር ሲወስድ ለሽቦ ማሳለፊያ 22 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ከፓወር ሰፕላዩም በላይ ወደ ዐሥር ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ስላለ ሽቦው የሚጠቀለልበት አያጣም። የሚያሳስበው ወርዱ ነው።

ወርዱን እንደሚከተለው ደመርነው። ማዘርቦርዱ ከመካከለኛው ግድግዳ ጋራ እንዳይነካካ 6.35 ሚሊ ሜትር ቁመት ባላቸው ትንንሽ እግሮች ላይ ይቆማል፤ ሰሌዳው ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ጥቂት ያልፋል፤ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ልጁ እንደ ጻፈው 48 ነው፤ ይህ ሁሉ 56 ይሆናል። መካከለኛው ግድግዳና የሁለቱ ጐኖች ላሜራ እያንዳንዳቸው 1.5 ሆነው 4.5 ይጨምራሉ። ግራፊክስ ካርዱ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ የአንዱ ረድፍ ስፋት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፥ 20.32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ 40.64 ይሆናሉ። እንግዲህ ድምሩ 101 ሚሊ ሜትር ነው። ከ110 ሲቀነስ የሚተርፈው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠባል፤ እርሱ 63.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለውና 240 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ካርድ በጀርባው ስለሚያልፍ፥ መካከለኛው ግድግዳ በዚያ ቦታ ተቈርጦ ቢነሣ እንኳ የሚቀረው ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በወረቀት ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ብዙ ይመስላል። በላሜራ ላይ ግን እጥፋቱ ጥቂት ቢያዘነብል ወይም የቪቴው አናት ቢወፍር ያ ሁሉ ወዲያው ያልቃል።

«ታዲያ ጀርመኑ በዚህ ወርድ ሠርቶ ሳጥኑ በብዙ አገር ከተሸጠ የኔ ስለ ምን አይሆንም?» ብሎ ልጁ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንደኛው መልስ ጀርመኑ በመኪና የሚታጠፍና በአንድ ልክ የሚወጣ የፋብሪካ ላሜራ ነበረው የሚል ነው። ሁለተኛው መልስ ግን የሚበልጠው ነው፤ እርሱም አየራችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየርዋ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በስፍር ሲለካ በዚያም በዚህም ያው ነው፤ በክብደት ግን በእኛ ዘንድ ያንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣውም የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሳጥን ውስጥ ሲያልፍ 15 ዲግሪ የሚሞቅ አየር በዚያው ማራገቢያና በዚያው ሥራ በአዲስ አበባ 20 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የቤታችን አየር ከብዙ አገር ቤት ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ከዚህ ጥቂቱን ይክሳል፤ ሁሉን ግን አይክስም። ድሬዳዋ ያለ አንባቢያችን ደግሞ አየሩ ወፈር ቢልለትም ሙቀቱ በሌላ በር ይገባበታል።

ልጁ የያዘው ካርድ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2023 ያወጣው አር.ቲ.ኤክስ. 4060 ነው፤ እርሱ በሥራ ላይ ሳለ እስከ 115 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰሩ በዚህ ላይ 65 ዋት ቢጨምር ድምሩ 180 ይሆናል። እመቤት ሆይ፥ የዱሮውን ባለ 100 ዋት አምፑል ያስታውሱታል፤ ገና እንደ ጠፋ በእጅ አይነካም ነበር። እንግዲህ ሁለት እንደዚያ ያሉ አምፑሎች በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ሌሊቱን ሲበሩ ማለት ነው። «ዕቃው ተቃጥሎ ቢቀርስ?» ብለው ለጠየቁት ግን ይህን እንመልሳለን። የዛሬ ካርድና ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ባይበቃው በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ባንድ ሌሊት አመድ ይሆናል ብለው አይሥጉ። ጕዳቱ ሌላ ነው። በብዙ ገንዘብ የተገዛው ካርድ ከርካሹ ካርድ እኩል ይሠራል፤ ማራገቢያውም ሙቀቱን ለማሸነፍ ሲል እንደ ንብ ቀፎ ሲጮህ ያመሻል፤ ያን ጊዜ ታናሽ እኅቱ የእግር ማሳረፊያ አግኝታ ጸጥታ ታጣለች።

ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ወርዱን ከ110 ወደ 130 ሚሊ ሜትር አሻግረነዋል። ሳጥኒቱ ከሰባት ሊትር ወደ ስምንት ሊትር ከሲሶ ትደርሳለች፤ ከትልቁ ሳጥን ጋራ ስትነጻጸር ግን አምስተኛው እጅ ገደማ ናት፥ ከጠረጴዛው ላይ በመጽሐፍ ረድፍ አጠገብ ትቆማለች። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተጨመረው ሃያ ሚሊ ሜትር ዝም ብሎ ባዶ ይሁን አላልንም። ማራገቢያ ከተበሳው ላሜራ ተጠግቶ ሲቆም ንጹሑን የውጭ አየር ይስባል፤ ከላሜራው ርቆ ሲቆም ግን ቅርቡን ይወስዳል፥ ቅርቡም ራሱ አሁን ያሞቀው አየር ነው። ባዶ ቦታ በማይገባው ሥፍራ ሲሆን ይጐዳል። ስለዚህ ከሃያው ዐሥራ ሁለቱ ለፕሮሰሰሩ ይሰጥ፤ ከ48 ወደ 60 የሚደርስ ቁመት ያለው፥ ብረቱ የበዛ ማቀዝቀዣ ይግባለት። ስምንቱ ወደ ካርዱ በኩል ይሂድ፤ ያ የፓወር ሰፕላዩ ጠባብ ቦታ በዚህ ይፈታል። በካርዱ ማራገቢያና በላሜራው መካከል የሚቀረው ክፍተት ደግሞ ዙሪያውን በካርቶን ቀለበት ይታጠር፤ ያን ጊዜ አየሩ እንደ ውኃ በቦይ ይገባል እንጂ ወዲያና ወዲህ አይልም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ሥራ እንምጣ። በየሱቁ በር የሚጣለው ውስጡ ሞገድ ሞገድ የሆነው ወፍራም ካርቶን ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ውፍረቱ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ የዕቃውን ቦታ ይበላል፥ ጠርዙም ሲቈረጥ ይደቅቃል። የሸሚዝና የጫማ ማሸጊያ የሆነው ጥፍጥፉ ካርቶን ሁለት ሆኖ ተደርቦ በኮላ ቢጣበቅና በከባድ መጽሐፍ ሥር ሲጫን ቢያድር ወደ ላሜራው ውፍረት ይቀርባል። ወፍራሙን ብቻ ያገኘ ሰው የውስጡን ልክ እውነተኛ አድርጎ ውፍረቱን ሁሉ ወደ ውጭ ይግፋ፤ የሳጥኑ መልክ ቢያብጥ ግድ የለም፥ የሚፈተነው ውስጡ ነው። ከተሩን በማስመሪያው ጥግ ሦስት ጊዜ በቀስታ መሳብ ባንድ ጊዜ ተጭኖ ከመቍረጥ ይሻላል፤ ጣትም ይተርፋል። ከኋላ በኩል የማዘርቦርዱ መሰኪያዎች የሚወጡበት መስኮት ልኩ የተወሰነ ነው፤ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ከሁሉ በፊት ቈርጦ ሌላውን ልክ ሁሉ ከእርሱ ተነሥቶ መለካት ይገባል። ብዙ ሰዎች ከላሜራው ጠርዝ ተነሥተው ሲለኩ አይተናል፤ እኛ ግን ይህን አንወደውም፤ ጠርዙ እንደ እጥፋቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፥ መሰኪያው ግን ከማዘርቦርዱ ጋራ የተጣበቀ ስለ ሆነ አይንቀሳቀስም።

ካርቶኑ ከቆመ በኋላ ልጁ ዕቃውን ያግባበት፤ ሲያገባም ምን ከምን እንደሚቀድም በወረቀት ይጻፍ። ይህ ቀላል ነገር መስሎ የብዙ ሳጥን ነዳፊዎችን ድካም ያጠፋ ነገር ነው። በሥዕል ላይ ዕቃው ሁሉ በየቦታው ይቀመጣል፤ እጅና ካቻቢቴ ግን በሥዕል ላይ የሉም። ፓወር ሰፕላዩን የሚያስረው ቪቴ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቢውል ካቻቢቴው በምን በኩል ይገባል? ማዘርቦርዱን ለማውጣት ሦስቱን ሌሎች ዕቃዎች ማውጣት ግድ ነው ወይ? አቧራውን ለመጥረግ አንዱን ጐን ብቻ መክፈት ይበቃል ወይስ ሁሉ መበተን አለበት? በካርቶን ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት ይቻላል፤ የማይመቸውንም ቀዳዳ በሁለት ደቂቃ አዛውሮ የፊተኛውን በፕላስተር መድፈን ነው።

ሽቦውም እንዲሁ ነው። ከትልቅ ሳጥን የወጣ ሽቦ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲጠቀለል ራሱ አንድ ዕቃ ይሆናል፥ የአየሩንም መንገድ ይዘጋል። ጠፍጣፋው ራይዘር እንደ ጨርቅ አይታጠፍም፤ ሰፋ ባለ ቅስት ይዞር እንጂ ጠርዝ እንዲወጣለት አይጨፍለቅ፤ ከተጨፈለቀ ካርዱ ምልክቱን ሳይሰማ ይቀራል፥ ጥፋቱም ከየት እንደ መጣ ለማግኘት ያስቸግራል። የካርዱ የመብራት ሽቦ ደግሞ ልክ ከሶኬቱ አፍ ላይ በኃይል መታጠፍ የለበትም። በሥዕሉ ላይ ከሶኬቱ በላይ ምንም ቦታ አልተተወለትም ነበርና ሁለት ጣት ያህል እንዲተውለት ጽፈናል።

ከዚያ በኋላ የሙቀቱ ፈተና ይመጣል። የጐኖቹ ካርቶን መበሳት አለበት፤ የሚበሳውም በግምት አይደለም። ክብ ቀዳዳዎች እየተፈራረቁ ሲደረደሩ፥ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከመካከል እስከ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ቢራራቅ የተከፈተው ቦታ ከመቶው 23 እጅ ብቻ ነው፤ በዚያው ርቀት ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከመቶው 51 እጅ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ተጨምሮ የአየሩ በር ከእጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው። ከርቀት ሲያዩት ግን ሁለቱም ወንፊት ናቸው፤ ዐይን አይለያቸውም። በካርቶን ላይ ይህን ያህል ቀዳዳ መብሳት ስለሚያደክም ግማሹን ሠንጥቆ ማውጣትና ግማሹን መተው ለፈተና ይበቃል።

ኮምፒዩተሩም በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ይነሣ፤ የሙቀቱንም ልክ በዲግሪ የሚያሳዩ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ስላሉ አንዱን ይክፈት። አስቀድሞ ጐኖቹን ከፍቶ ከባድ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት ያጫውተው፥ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ዲግሪ ይጻፍ። ቀጥሎ ጐኖቹን ዘግቶ ያንኑ ጨዋታ ያንኑ ያህል ጊዜ ይድገመው። የሁለቱ ቍጥር ልዩነት የሳጥኒቱ ዋጋ ነው። ልዩነቱ ከአምስት ዲግሪ ካልበለጠ ሳጥኒቱ ደኅና ናት፤ ዐሥራ አምስት ከሆነ የሆነ ቦታ አየሩ ታፍኗል። ይህን የምንለው እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ራሳችን መመዘኛ ነው። የታፈነበትንም ቦታ ለማግኘት ቀላል ብልኃት አለ፤ ጢሱ የሚታይ አንድ የዕጣን እንጨት ከሳጥኒቱ በውጭ በኩል ብቻ ቢያዝ ጢሱ ወዴት እንደሚሳብና ከወዴት እንደሚመለስ ይታያል። ነገር ግን ካርቶን ወረቀት ነውና ይህ ፈተና ሲደረግ ትልቅ ሰው ከክፍሉ አይጥፋ፤ እሳቱም ከካርቶኑ ይራቅ፤ ፈተናውም ካበቃ በኋላ ኮምፒዩተሩ በካርቶን ውስጥ ሆኖ አይደር።

በበጋ የአዲስ አበባ አቧራ ብርቱ ስለ ሆነ አንዳንዶች ቀዳዳውን በቀጭን ናይለን ይሸፍኑታል። እመቤት ሆይ፥ ስቶኪንግዎ ከቁም ሳጥኑ ቢጠፋ ወዴት እንደ ሄደ ይወቁ። ይህም ደግ ነው፤ ሆኖም ናይለኑ በአቧራ ሲሞላ አየሩን ስለሚያፍን በየጊዜው ወጥቶ ካልታጠበ ባይኖር ይሻላል።

ልጅዎ ካርቶኑን ሲጨርስ ከላሜራው በፊት በሦስት አውታር የሚያትመውን መኪና፥ ስሪዲ ፕሪንተር የሚባለውን፥ ያነሣብዎ ይሆናል። ለትንንሽ ማያያዣዎችና ለእግሮች መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታተምበት ፒ.ኤል.ኤ. የሚባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ ከካርዱ የሚወጣው አየር በሚያልፍበት በኩል እርሱን ማድረግ አይገባም።

ወደ ላሜራው ስንመጣ አንድ የምናውቀው ወጣት የደረሰበትን እንናገር። ይህ ወጣት ካርቶኑን ትቶ ሥዕሉን ይዞ በቀጥታ ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሄደ። የውጭውን ልክ ሁሉ ደምሮ ላሜራውን በዚያው ልክ አስቈረጠ፤ ሠራተኛውም እንደ ታዘዘ ቈረጠ፥ እንደ ታዘዘም አጠፈ። ላሜራ ሲታጠፍ ግን በእጥፋቱ ላይ ይለጠጣል፤ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩ አሉሚኒየም በአንድ ቀጥ ያለ እጥፋት ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ ይሰጣል፤ ይህ አስቀድሞ ካልተቀነሰለት ጐኑ ያንኑ ያህል ይረዝማል። ሁለት እጥፋት ሆኖ ትርፉ ከአምስት ሚሊ ሜትር በለጠ፤ ክዳኑ በቪቴው ቀዳዳ አልገጥም አለ። በእጥፋቱ አጠገብ የተበሱትም ቀዳዳዎች ተስበው እንደ እንቍላል ሞላላ ሆኑ፤ ቀዳዳ ከእጥፋቱ ቢያንስ የላሜራውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል መራቅ ነበረበት። የሚቀነሰው ልክ በማጠፊያው መኪና ዓይነት ስለሚለያይ መጠየቅ ያለበት ራሱ አጣፊው ነው፤ ደግ ሠራተኛም ቢሆን ሳይጠየቅ አይናገርም፥ የታዘዘውን ይሠራል። ወጣቱ ላሜራውን ሁለተኛ ገዛ። የመጀመሪያው አሁንም ከቤታቸው ደጅ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ልጅዎ ወደ ሠራተኛው ሲሄድ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የካርቶኑን ሳጥን ተሸክሞ ይሂድ። የብረት ሠራተኛ ከወረቀት ይልቅ በእጁ የያዘውን ዕቃ ያምናል፤ «ይህ ጠርዝ እንዲህ ሊታጠፍ አይችልም፥ መኪናው አይገባበትም» ብሎም ገና ሳይቈረጥ ይነግረዋል። አስቀድሞም ከተጣለ ቍራጭ ላይ አንድ እጥፋት አሳጥፎ ልኩን በካሊፐር ይመልከት፤ ምናለሽ ተራ ለሚሄድ ሰው ለዚህ የሚሆን ቍራጭ አይጠፋም።

አባትዬው ስለ ተቈጡበት ነገር አንድ ቃል ልናገር። ልጁ በዚያ ኮምፒዩተር ሌሊቱን ምን እንደሚጫወት አላውቅም፤ የጨዋታውን ሰዓት መወሰን የወላጆቹ ሥልጣን ነው። ነገር ግን የሰደደውን ሥዕል ሁለት ጊዜ መረመርኩት፤ ካንድ ቍጥር በቀር የተሳሳተ ድምር አላገኘሁበትም፤ በመዝገብ ቤት ከሚቀርቡልኝ ወረቀቶች መካከል ይህን ያህል የጠራ ጥቂት ነው። ቀጥቃጭ መባልም ስድብ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓመተ ምሕረት ነው፤ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

የቀረው የደኅንነቱ ነገር ነው። ላሜራው ተቈርጦ ሲመጣ ጠርዙ ሁሉ በሞረድ ይታሽ፤ ያልታሸ ጠርዝ ጣትንም የሽቦን ልብስም ይቈርጣል። ፓወር ሰፕላዩን በምንም ምክንያት አይክፈተው፤ ከግድግዳው ተነቅሎም እንኳ በውስጡ ኤሌክትሪክ አቍሮ ይቆያል። የሚሰካበትም ሶኬት የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን። ሳጥኒቱ ቀለም ብትቀባ ወይም አሉሚኒየሙ በፋብሪካ ቀለም የተነከረ ቢሆን ያ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ፓወር ሰፕላዩ በሚታሰርበት ቪቴ ሥርና ጐኖቹ ከአካሉ ጋራ በሚገጥሙበት ሥፍራ ሽፋኑ በሞረድ ተፍቆ ብረት ከብረት ይገናኝ፤ ያን ጊዜ ሳጥኒቱ በሙሉ ከመሬቱ ሽቦ ጋራ ትያያዛለች።

ሥዕሉን በቀይ ቀለም አርመን ከዝግጅት ክፍሉ አስቀምጠነዋል፤ ልጅዎ በሥራ ሰዓት መጥቶ ይውሰደው። ያ አንዱ የተሳሳተ ቍጥር በሁለተኛው ገጽ በግራ በኩል ያለው ነው፤ የማራገቢያው ቀዳዳ 92 ሊሆን ሲገባው 29 ተብሎ ተጽፏል።